መሣሪያው ቢነቀል ማህደሩ በማን እጅ ይቆያል? የማህደረ ትውስታ ድልድልና የኦብጀክቶች ዕድሜ በሊኑክስ ከርነል

መግቢያ

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ከቡልጋሪያ እስከ ካዛንቺስ ባሉት ቢሮዎች መብራት በድንገት ሲቋረጥ ላፕቶፖች በባትሪያቸው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ኃይል ከግድግዳ ሶኬት ብቻ የሚያገኙት ስካነሮች፣ ፕሪንተሮችና ውጫዊ ዲስኮች ግን በዚያው ቅጽበት ከኮምፒውተሩ ዕይታ ይጠፋሉ። ለተጠቃሚው ነገሩ የተለመደ ነው። ለሥርዓተ ክወናው ከርነል ግን ክስተቱ ቀላል ያልሆነ ጥያቄ ያስነሣል። መሣሪያው የለም፤ መሣሪያውን ለመጠቀም ፋይል ከፍቶ የነበረው ፕሮግራም ግን አሁንም አለ። ታዲያ ከርነሉ ስለ መሣሪያው መረጃ የያዘበት የማህደረ ትውስታ ክፍል መለቀቅ ያለበት መቼ ነው? መሣሪያው ሲጠፋ ወይስ የመጨረሻው ፕሮግራም ፋይሉን ሲዘጋ?

ለጥያቄው የሚሰጠው የተሳሳተ መልስ ዋጋ ያስከፍላል። በቀላሉ ከታለፈ ኮምፒውተሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በከፋ ሁኔታ ደግሞ አንድ ተራ ፕሮግራም የመላ ሥርዓቱን ሥልጣን ይጨብጣል። ይህ ጽሑፍ በሊኑክስ ከርነል ላይ በማተኮር ማህደረ ትውስታ እንዴት እንደሚታደል፣ የአንድ ኦብጀክት ዕድሜ በምን እንደሚወሰን፣ ቆጠራና የእፎይታ ጊዜ የተሰኙት ዘዴዎች እንዴት እንደሚሠሩ፣ እንዲሁም ስሕተቶቹ በየት በኩል እንደሚገቡ ያስረዳል። ሊኑክስ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። ምንጩ ለማንም ክፍት ነው፤ በአብዛኞቹ ሰርቨሮችና በአንድሮይድ ስልኮች ሁሉ ውስጥ የሚሠራውም እርሱ ነው።

ከርነል ከተራ ፕሮግራም የሚለይበት

አንድ ተራ ፕሮግራም የወሰደውን ማህደረ ትውስታ ሳይመልስ ቢዘጋ ጉዳቱ ብዙ አይደለም፤ ፕሮግራሙ ሲያበቃ ከርነሉ ሁሉንም ሰብስቦ ይወስዳል። ከከርነሉ በላይ ግን እንዲህ የሚሰበስብ አካል የለም። በከርነል ውስጥ የተረሳ አንድ ባይት ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እስኪነሣ ድረስ እንደተረሳ ይቆያል። ለወራት ሳይጠፋ በሚሠራ ሰርቨር ላይ ጥቂት በጥቂት የሚፈሰው ማህደረ ትውስታ ተጠራቅሞ ሥርዓቱን ያንቃል።

ሁለተኛው ልዩነት የቦታ ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ የአድራሻ ክልል ሲኖረው፣ የከርነሉ ክፍሎች ሁሉ፣ የፋይል ሥርዓቱም፣ የኔትወርኩም፣ የመሣሪያ ድራይቨሮችም፣ በአንድ የአድራሻ ክልል ውስጥ ይኖራሉ። በመሆኑም አንድ ድራይቨር በተሳሳተ አድራሻ ላይ ቢጽፍ የሚያበላሸው የራሱን መረጃ ብቻ አይደለም። ሦስተኛው ልዩነት የቋንቋው ነው። ከርነሉ በአብዛኛው የተጻፈው በሲ ቋንቋ ሲሆን፣ በጃቫ ወይም በፓይተን እንዳለው ያለ፣ የማይፈለግን ኦብጀክት ራሱ ለይቶ የሚያነሣ ሰብሳቢ የለውም። የእያንዳንዱን ኦብጀክት መወለድና መሞት የሚወስነው የኮዱ ጸሐፊ ነው።

ድልድሉ በሁለት እርከን

ሊኑክስ ማህደረ ትውስታን የሚያድለው በሁለት እርከን ነው። የታችኛው እርከን በገጽ ይሠራል፤ በአብዛኞቹ ኮምፒውተሮች አንድ ገጽ 4096 ባይት ነው። ነፃ ገጾች 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያሉ በእጥፍ በሚያድጉ ተከታታይ ጥቅሎች ተመድበው ይቀመጣሉ። ሦስት ገጽ የሚፈልግ ጥያቄ ሲመጣ ባለአራት ጥቅል ይሰጣል፤ ባለአራት ከሌለ ባለስምንቱ ለሁለት ይከፈላል። ጥቅሉ ሲመለስ የተከፈለበት አቻው ነፃ ሆኖ ከተገኘ ሁለቱ እንደገና ይዋሐዳሉ። ኬኔዝ ኖውልተን እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመው ይህ ዘዴ የአቻዎች ዘዴ ሊባል ይችላል። ጥቅሙ ማህደረ ትውስታው በጊዜ ብዛት ተበጣጥሶ ትልቅ ተከታታይ ቦታ እንዳይጠፋ መከላከሉ ነው።

ከርነሉ ከዕለት ወደ ዕለት የሚፈልገው ግን ገጽ ሙሉ ቦታ አይደለም። አንድ የተከፈተ ፋይል፣ አንድ የኔትወርክ ግንኙነት ወይም አንድ የዩኤስቢ መሣሪያ በጥቂት መቶ ባይቶች ይገለጻል። ለዚህ የሚያገለግለው የላይኛው እርከን «ስላብ» የተሰኘው ነው። ሐሳቡን ጄፍ ቦንዊክ በሰን ማይክሮሲስተምስ ለሶላሪስ ሥርዓት አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1994 አቀረበው። መነሻው ከርነል አንድ ዓይነት ኦብጀክቶችን ደጋግሞ ይወስዳል፣ ደጋግሞም ይመልሳል የሚል ነው። ስለዚህ ጥቂት ገጾች ወስዶ በእኩል መጠን መከፋፈል፣ የተመለሰውንም ክፍል ለቀጣዩ ተመሳሳይ ጥያቄ ማስቀመጥ ፍጥነትን ይጨምራል፤ ብክነትንም ይቀንሳል።

ሊኑክስ ለዚሁ እርከን ለዓመታት ሦስት አማራጮች ነበሩት፤ ስላብ፣ ስሎብ እና ስለብ ይባላሉ። የመጨረሻው ክሪስቶፍ ላሜተር የጻፈውና እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ ከርነሉ የገባው ነው። ለአነስተኛ መሣሪያዎች ታስቦ የነበረው ስሎብ በ2023፣ ነባሩ ስላብ ደግሞ በ2024 ከከርነሉ ወጥተው ዛሬ የቀረው ስለብ ብቻ ነው።

የድራይቨር ጸሐፊ ይህን እርከን የሚያገኘው «ኬማሎክ» በተባለው ጥሪ ሲሆን የወሰደውንም በ«ኬፍሪ» ይመልሳል። ጥሪው የሚስተናገደው አስቀድመው በተወሰኑ የመጠን መደቦች ነው፤ 64፣ 96፣ 128፣ 192፣ 256 ባይት እያለ ይቀጥላል። 100 ባይት የጠየቀ 128 ይሰጠዋል፤ 130 የጠየቀ 192 ይሰጠዋል። ይህ ዝርዝር ለቁጠባ ብቻ የሚጠቅም መስሎ ይታያል እንጂ፣ ከታች እንደሚታየው ከደኅንነት ጋር የተያያዘ ነው። ጉዳይ የማይገናኛቸው ሁለት ኦብጀክቶች መጠናቸው ስለተቀራረበ ብቻ በአንድ መደብ ውስጥ ተራ በተራ አንዱ የሌላውን ቦታ ሊወርስ ይችላልና።

ጥሪው የሚቀርብበት ሁኔታም መገለጽ አለበት። «ጂኤፍፒ ከርነል» የተባለው ምልክት ከርነሉ ቦታ እስኪያገኝ ጠያቂውን እንዲያስተኛ ይፈቅድለታል። ጠያቂው መተኛት በማይችልበት ቦታ፣ ለምሳሌ በኢንተራፕት መስተንግዶ ውስጥ ወይም ስፒንሎክ ይዞ ሳለ፣ «ጂኤፍፒ አቶሚክ» መጠቀም ግዴታ ነው። ይህኛው ሳይጠብቅ ይመልሳል፤ ቦታ ካጣም ባዶ አድራሻ ይሰጣል። በሁለቱም ጊዜ የተመለሰውን መፈተሽ የጸሐፊው ኃላፊነት ነው።

የዕድሜ ስሕተቶች

ከድልድሉ ይልቅ የሚከብደው መልቀቁ ነው። በመልቀቅ ዙሪያ ሦስት ስሕተቶች ይከሰታሉ። የመጀመሪያው ጨርሶ አለመልቀቅ፣ ማለትም መፍሰስ ነው። ሁለተኛው አንዱን ኦብጀክት ሁለት ጊዜ መልቀቅ ነው። ሦስተኛውና እጅግ አደገኛው ከተለቀቀ በኋላ መጠቀም ነው።

ሦስተኛውን ለመረዳት የአዲስ አበባን የአድራሻ ልማድ ማሰብ ይጠቅማል። በከተማይቱ አቅጣጫ የሚነገረው በአብዛኛው በምልክት ነው፤ ከእገሌ ሕንፃ አጠገብ፣ ከእገሌ ሱቅ ጀርባ ይባላል። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ የካዛንቺስ ነባር ቤቶች ሲፈርሱ ምልክቶቹ ጠፉ፤ በምልክቶቹ የተነገሩት አቅጣጫዎች ግን በየሰዉ አእምሮና ማስታወሻ ደብተር ውስጥ ቀሩ። የቀድሞውን አቅጣጫ ይዞ የሚሄድ ሰው ቦታው ላይ ይደርሳል፤ የሚያገኘው ግን ሌላ ነገር ነው። ሰው ይህን ሲያይ መሳሳቱን ያውቃል። ፕሮሰሰር ግን አያውቅም። ጠቋሚው ወደሚያመለክተው አድራሻ ሄዶ በዚያ ያገኘውን ሁሉ የቀድሞው ኦብጀክት አድርጎ ያነባል፤ በላዩም ይጽፋል።

በስለብ አሠራር አሁን የተለቀቀ ክፍል ብዙውን ጊዜ የነፃዎቹ ዝርዝር ራስ ላይ ይቀመጣል። በዚያው ፕሮሰሰር ላይ የሚመጣው ቀጣዩ ተመሳሳይ መጠን ያለው ጥያቄ ያንኑ ክፍል የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። አጥቂ ይህን ያውቃል። አንዱ የከርነል ክፍል ኦብጀክቱን እንዲለቅ ያደርጋል፤ ወዲያው የራሱን መረጃ የያዘ ተመሳሳይ መጠን ያለው መልእክት ልኮ ቦታውን ይይዛል፤ ከዚያ የቀድሞውን ጠቋሚ የያዘው ኮድ እስኪጠቀምበት ይጠብቃል። ኦብጀክቱ ውስጥ የተግባር አድራሻ ከነበረ ከርነሉ አጥቂው ወደ መረጠው ቦታ ይዘልላል።

ቆጠራ

አንድን ኦብጀክት የሚጠቀመው አንድ ብቻ ቢሆን የዕድሜ ጥያቄ ባልተነሣ ነበር። በከርነል ውስጥ ግን አንድን ኦብጀክት ብዙዎች በአንድ ጊዜ ይይዙታል፤ ማን በመጨረሻ እንደሚለቀውም አስቀድሞ አይታወቅም። ለዚህ የተለመደው መፍትሔ የማጣቀሻ ቆጠራ ነው። ነገሩ ከዕድር ዕቃ ቤት አሠራር አይርቅም። ድንኳኑን የወሰደ በመዝገብ ይጻፋል፤ ሲመልስ ይሰረዛል፤ በመዝገቡ ላይ አንድ ስም እንኳ ካለ ድንኳኑን መሸጥ አይቻልም። ልዩነቱ የከርነሉ መዝገብ ስም ሳይሆን ቁጥር ብቻ መያዙ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ አንድ ጊዜ ከተዛባ ማን እንዳዛባው ከቁጥሩ ማወቅ አይቻልም።

በሊኑክስ ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2004 ግሬግ ክሮኻርትማን ባቀረበው «ኬሬፍ» በተባለ አነስተኛ መሣሪያ ወጥ መልክ ያዘ። ሕጎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ኦብጀክቱን ለሌላ አካል አሳልፎ የሚሰጥ፣ ከመስጠቱ በፊት ቆጣሪውን ከፍ ያደርጋል። ሁለተኛ፣ ተጠቅሞ የጨረሰ ቆጣሪውን ዝቅ ያደርጋል፤ ዜሮ ያደረሰውም ኦብጀክቱን ያስለቅቃል። ሦስተኛ፣ ማጣቀሻ ሳይኖረው አዲስ ማጣቀሻ ለማግኘት የሚሞክር፣ ለምሳሌ ኦብጀክቱን ከዝርዝር ፈልጎ የሚያገኝ፣ ፍለጋውና ቆጠራው ከመጨረሻው መልቀቅ ጋር እንዳይጋጩ በቁልፍ መጠበቅ አለበት። ሁለቱን ሕጎች ብዙዎች ይጠብቃሉ፤ የሚረሳው ሦስተኛው ነው። ኦብጀክቱን በዝርዝሩ ላይ ባየበትና ቆጣሪውን ከፍ ባደረገበት መካከል ባለው ቅጽበት ሌላው ፕሮሰሰር ሊለቀው ይችላልና።

ቆጠራ ራሱም ሊሳሳት እንደሚችል እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ይፋ የሆነው የቁልፍ ማኅደሮች ስሕተት አሳይቷል። ከርነሉ የይለፍ ቁልፎችን በሚያስቀምጥበት ክፍል አንድ ሂደት የያዘውን ማኅደር በዚያው ማኅደር ለመተካት ሲጠይቅ ቆጣሪው ከፍ ይል ነበር፤ ዝቅ የሚያደርገው መስመር ግን ተዘልሎ ነበር። እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ማጣቀሻ ያፈስሳል። ቆጣሪው 32 ቢት ስለነበረ ጥያቄው 4,294,967,296 ጊዜ ከተደጋገመ ቁጥሩ ዞሮ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ያን ጊዜ ከርነሉ ማንም አይጠቀምበትም ብሎ ማኅደሩን ይለቀዋል፤ ሂደቱ ግን ጠቋሚውን እንደያዘ ነው። ስሕተቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣው 3.8 ስሪት ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ ነበር። ተራ ፍሳሽ መስሎ የሚታየው ጉድለት በዚህ መንገድ ወደ ሙሉ ሥልጣን የሚያደርስ በር ሆነ።

ምላሹ በ2017 በ4.11 ስሪት የገባው «ሪፍካውንት» የተባለ የቆጣሪ ዓይነት ነው። ይህ ቆጣሪ ከልኩ ሲያልፍ አይዞርም፤ ባለበት ይደርቃል። የደረቀ ቆጣሪ ዳግመኛ ዜሮ ስለማይደርስ ኦብጀክቱ ለዘላለም ሳይለቀቅ ይቀራል። ውሳኔው ሁለት ጉዳቶችን መዝኖ ቀላሉን መምረጥ ነው፤ ጥቂት ማህደረ ትውስታ ማፍሰስ የሥርዓቱን ሥልጣን ከማጣት ይሻላል።

የእፎይታ ጊዜ

ቆጠራ ዋጋ አለው። ብዙ ፕሮሰሰሮች አንድን ቆጣሪ በየጊዜው ከፍና ዝቅ ሲያደርጉ ቁጥሩን የያዘው የካሽ መስመር ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ ይውላል። ብዙ ለሚነበቡና አልፎ አልፎ ብቻ ለሚለወጡ መረጃዎች፣ ለምሳሌ ለኔትወርክ መንገድ ሰንጠረዦች፣ ይህ ዋጋ ከባድ ነው። ለዚህ መፍትሔ የሆነው ከፖል ማኬኒ ስም ጋር የሚያያዘውና እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ ሊኑክስ የገባው «አርሲዩ» የተባለው ዘዴ ነው።

በአርሲዩ አንባቢው ምንም አይቆጥርም፣ ምንም አይቆልፍም፤ ማንበብ መጀመሩንና መጨረሱን ብቻ ያመለክታል። ለዋጩ ኦብጀክቱን በመጀመሪያ ከዝርዝሩ ያወጣል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ አንባቢ ኦብጀክቱን አያገኘውም፤ ከዚያ በፊት የገቡት ግን አሁንም ሊያነቡት ይችላሉ። ስለዚህ ለዋጩ እነዚያ ሁሉ አንብበው እስኪወጡ ይጠብቃል። ይህ መጠበቂያ የእፎይታ ጊዜ ይባላል። ጊዜው ሲያበቃ ኦብጀክቱን የሚያይ አንባቢ እንደሌለ የተረጋገጠ ስለሆነ መልቀቅ ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። አርሲዩ የሚጠብቀው ንባቡ እስኪያበቃ ድረስ ብቻ ነው። አንባቢው ኦብጀክቱን ከንባቡ በኋላም ይዞት መቆየት ከፈለገ ማጣቀሻ መውሰድ አለበት። ይሁንና ቆጣሪው ቀድሞ ዜሮ ደርሶ ኦብጀክቱ መለቀቁን ብቻ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት «ዜሮ ካልሆነ ከፍ አድርግ» የሚል ልዩ ጥሪ ተዘጋጅቷል። ጥሪው ካልተሳካ አንባቢው ኦብጀክቱን እንዳላገኘው ይቆጥራል። ሁለቱ ዘዴዎች የሚደጋገፉት በዚህ መንገድ ነው፤ አርሲዩ ቦታው እንዳይወሰድ ይጠብቃል፣ ቆጠራው ደግሞ ኦብጀክቱ በሕይወት መኖሩን ይመሰክራል።

ሁለት ዕድሜዎች፣ አንድ መሣሪያ

አሁን በመግቢያው ወደተነሣው ጥያቄ መመለስ ይቻላል። የዩኤስቢ መሣሪያ ሲሰካ ከርነሉ የድራይቨሩን የመነሻ ተግባር ይጠራል፤ ድራይቨሩም ስለ መሣሪያው የሚያስፈልገውን መረጃ የሚይዝ ኦብጀክት ይፈጥራል። መሣሪያው ሲጠፋ የመለያያ ተግባሩ ይጠራል። በዚህ መካከል ፕሮግራሞች የመሣሪያውን ፋይል ይከፍታሉ፣ ያነብባሉ፣ ይዘጋሉ። ሁለት ዕድሜዎች አሉ ማለት ነው፤ አንዱ የመሣሪያው፣ ሌላው የተከፈተው ፋይል። የመጀመሪያውን የሚያቋርጠው የኤሌክትሪክ መስመር ወይም የሰው እጅ ነው፤ ሁለተኛውን የሚያቋርጠው ፕሮግራሙ ነው። አንዱ ሌላውን የሚጠብቅበት ምክንያት የለም።

ጀማሪ ጸሐፊ ኦብጀክቱን በመነሻው ተግባር ወስዶ በመለያያው ተግባር ይለቃል። አወሳሰዱ ከአመላለሱ ጋር የተመጣጠነ ስለሆነ ኮዱ ንጹሕ ይመስላል። ኃይል ሲቋረጥ ግን ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሆናል። ፕሮግራሙ ፋይሉን ከፍቷል፤ መሣሪያው ይጠፋል፤ ድራይቨሩ ኦብጀክቱን ይለቃል፤ ፕሮግራሙ ቀጥሎ ያነብባል ወይም ፋይሉን ይዘጋል፤ የፋይሉ ተግባር በተለቀቀው አድራሻ ይጠቀማል። ፋይሉን መዝጋት ብቻውን እንኳ ስሕተቱን ለመቀስቀስ ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በ2007 በቴጁን ሂዮ ሥራ ወደ ከርነሉ የገባው የሚተዳደር ድልድል ይህን ጉዳይ በአንድ በኩል አቃልሎ በሌላ በኩል ሸፍኖታል። «ዴቭኤም» የሚል ቅጥያ ባላቸው ጥሪዎች የተወሰደ ሀብት ሁሉ ድራይቨሩ ከመሣሪያው ሲለያይ በራሱ ይለቀቃል። በመነሻው ተግባር መካከል ስሕተት ቢፈጠር እስከዚያ የተወሰደውን አንድ በአንድ መመለስ ስለማያስፈልግ፣ በብዙ ድራይቨሮች ውስጥ የነበሩ ፍሳሾች በዚህ ተደፍነዋል። ይሁን እንጂ ዘዴው የኦብጀክቱን ዕድሜ ከመሣሪያው ጋር መታሰር ጋር ያያይዘዋል እንጂ ከተከፈተው ፋይል ጋር አይደለም። ለኢንተራፕት ወይም ለመሣሪያ መዝገቦች ይህ ትክክል ነው፤ መሣሪያው ከሌለ እነርሱም ሊኖሩ አይገባምና። ፋይሎች ለሚደርሱበት ኦብጀክት ግን ስሕተቱን ይደግመዋል፤ የ«ኬፍሪ» ጥሪ በኮዱ ላይ ስለማይታይም ገምጋሚ በቀላሉ ያልፈዋል። በከርነል ጸሐፊዎች ዘንድ እስካሁን የሚያከራክረውም ይኸው ነው።

ትክክለኛው አካሄድ በከርነሉ ምንጭ ውስጥ ለአርአያነት በተቀመጠው የዩኤስቢ አጽም ድራይቨር ውስጥ ይታያል። ኦብጀክቱ በውስጡ ቆጣሪ፣ ቁልፍና «ተለያይቷል» የሚል ምልክት ይይዛል። የመነሻው ተግባር የመጀመሪያውን ማጣቀሻ ይይዛል። እያንዳንዱ መክፈት አንድ ይጨምራል፤ እያንዳንዱ መዝጋት አንድ ይቀንሳል። የመለያያው ተግባር ኦብጀክቱን አይለቅም። በመጀመሪያ አዲስ መክፈት እንዳይኖር ፋይሉን ከምዝገባ ያወጣል፤ ቀጥሎ ቁልፉን ይዞ ምልክቱን ያነሣል፤ በመሣሪያው ላይ በሂደት ላይ ያሉ ዝውውሮችን ያቋርጣል፤ በመጨረሻም የራሱን ማጣቀሻ ብቻ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ የማንበብ ጥያቄ ቁልፉን ይዞ ምልክቱን ያያል፤ «መሣሪያው የለም» የሚለውን የስሕተት ቁጥር መልሶም ይወጣል። ኦብጀክቱ የሚለቀቀው የመጨረሻው ፋይል ሲዘጋ ነው።

በዚህ አሠራር ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ሁለት የተለያዩ መልሶች እንዳገኙ ልብ ማለት ይገባል። «ማህደረ ትውስታው አለ ወይ?» ለሚለው ቆጣሪው ይመልሳል። «መሣሪያው አለ ወይ?» ለሚለው በቁልፍ የተጠበቀው ምልክት ይመልሳል። ቆጣሪው ብቻውን ቢኖር ድራይቨሩ የሌለን መሣሪያ ለማናገር ይሞክራል፤ ምልክቱ ብቻውን ቢኖር ምልክቱ ራሱ በተለቀቀ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ይነበባል።

ከስልክ የተገኘ ትምህርት

የዕድሜ ስሕተት ተራውን ሰው እንዴት እንደሚነካ ለማሳየት የአንድሮይድ «ባይንደር» ጉዳይ ጥሩ ማስረጃ ነው። ባይንደር በአንድሮይድ ላይ ያሉ ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት የከርነል ክፍል ነው። እያንዳንዱ ተነጋጋሪ ክር በከርነሉ ውስጥ አንድ ኦብጀክት አለው፤ በኦብጀክቱም ውስጥ የመጠበቂያ ወረፋ አለ። «ኢፖል» የተባለው ሌላ የከርነል ክፍል ደግሞ ክስተት ሲመጣ እንዲነገረው ራሱን በዚያ ወረፋ ላይ ያስመዘግባል። ኢፖል ወረፋው ፋይሉ እስኪዘጋ ድረስ ይኖራል ብሎ ያምናል። ባይንደር ግን አንድ ክር መውጣቱን ሲያሳውቅ ፋይሉ ሳይዘጋ ኦብጀክቱን ከነወረፋው ይለቅ ነበር። ሁለቱም በየራሳቸው ትክክል ይመስላሉ፤ ስለ ዕድሜ ያላቸው ግምት ግን አንድ አልነበረም።

ስሕተቱን «ሲዝካለር» የተባለው ራስ ሠር መፈተሻ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 አገኘው፤ በዋናው ከርነል ላይም በየካቲት 2018 ታረመ። እርማቱ ግን እንደ ደኅንነት ጉዳይ ስላልተመዘገበ አስቀድመው በገበያ ላይ ወደነበሩ ብዙ ስልኮች አልደረሰም። በጥቅምት 2019 የጉግል ፕሮጀክት ዜሮ ተመራማሪዎች ስሕተቱ ለእውነተኛ ጥቃት እየዋለ መሆኑን የሚጠቁም መረጃ አግኝተው ይፋ አደረጉት። ከተጠቁት መካከል የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ 7፣ ኤስ 8 እና ኤስ 9 ስልኮች ይገኙ ነበር።

በኢትዮጵያ ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አገልግሎት መስጠት ከጀመረ ወዲህ ስልክ የገንዘብ ከረጢት ሆኗል። የክፍያ ፕሮግራሙ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ከበታቹ ያለው ከርነል ከተደፈረ ጥንቃቄው አያድነውም። አምራቹ ማሻሻያ መላክ ያቆመበት ያገለገለ ስልክ በዋናው ከርነል ከዓመታት በፊት የታረመ የዕድሜ ስሕተት ይዞ ሊዘዋወር ይችላል። ስለዚህ ስሕተትን ማረም ከሥራው ግማሹ ብቻ ነው፤ እርማቱን ወደ ተጠቃሚው እጅ ማድረስ ሌላው ግማሽ ነው።

በተማሪ እጅ ያለ ቤተ ሙከራ

በዚህ መስክ ለመመራመር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ከርነሉ የገባው «ካሳን» ለእያንዳንዱ 8 ባይት አንድ የጥላ ባይት ይመድባል፤ በተለቀቀ ቦታ ላይ የሚደረግን ማንበብና መጻፍ በቅጽበቱ ይይዛል። ዘገባው ኦብጀክቱ የት እንደተወሰደ፣ የት እንደተለቀቀና የት እንደተነካ ለይቶ ያሳያል። ማህደረ ትውስታንና ፍጥነትን ስለሚበላ ለቤተ ሙከራ እንጂ ለሥራ ላይ ሰርቨር አይመከርም። በ2021 የተጨመረው «ኬፌንስ» ጥቂት ኦብጀክቶችን በናሙና ብቻ ስለሚከታተል በሥራ ላይ ባለ ሰርቨርም ሊቆይ ይችላል። ለፍሳሽ ደግሞ «ኬሜምሊክ» አለ።

የመሣሪያን መጥፋት ለመፈተን የኤሌክትሪክ መቋረጥን መጠበቅ አይገባም። ኬሙ በተባለው አስመሳይ ኮምፒውተር ውስጥ ካሳን የተከፈተበትን ከርነል ማስነሣት፣ አስመሳይ የዩኤስቢ መሣሪያ መሰካት፣ ፋይሉን በአንድ ፕሮግራም መክፈት፣ መሣሪያውን በኬሙ ትእዛዝ መንቀል፣ ከዚያም ፋይሉን ማንበብና መዝጋት ይበቃል። ሙከራው በአንድ ተራ ላፕቶፕ ይሠራል፤ ሲበላሽም የሚወድቀው አስመሳዩ ብቻ ነው። ነቀላው በመክፈት መካከል፣ በማንበብ መካከልና ከመዝጋት በፊት እንዲውል ሙከራውን በተለያየ ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል፤ ሦስቱ የሚፈትኑት የተለያዩ ሕጎችን ነውና።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 በወጣው 6.1 ስሪት ከርነሉ የረስት ቋንቋን መቀበል ጀምሯል። ረስት የባለቤትነትንና የውሰትን ሕግ በኮምፓይለሩ ስለሚያስከብር ከተለቀቀ በኋላ መጠቀምን በአብዛኛው ገና ሲጻፍ ይከለክላል። የመሣሪያ መነቀልን ግን ኮምፓይለር አስቀድሞ ሊያውቀው አይችልም፤ ክስተቱ ከኮዱ ውጭ ነው። ስለሆነም በረስት የሚጻፉ የከርነል ክፍሎችም «ሪቮከብል» በተባለ፣ የተሰጠን ሀብት መልሶ መንጠቅ በሚያስችል ዓይነት ይጠቀማሉ። ሀብቱን የሚነካ ሁሉ በየጊዜው «አሁንም አለ ወይ?» ብሎ እንዲጠይቅና «የለም» ለሚለውም መልስ እንዲዘጋጅ ዓይነቱ ያስገድደዋል። በሲ ጸሐፊው ማስታወስ የነበረበት ምልክት በረስት የቋንቋው ግዴታ ሆነ ማለት ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከታዩት ጉዳዮች አንድ የጋራ ነጥብ ይወጣል። የቁልፍ ማኅደሩ ስሕተት፣ የባይንደሩ ስሕተትና የነቀላው ስሕተት መነሻቸው ኬማሎክን ወይም ኬፍሪን አለማወቅ አይደለም። በሦስቱም ኦብጀክቱን የያዙ ወገኖች ስለ ዕድሜው የተለያየ ግምት ነበራቸው፤ ግምታቸውም የትም አልተጻፈም። ስለዚህ የከርነል ኮድ የሚጽፍም ሆነ የሚገመግም ተመራማሪ ለእያንዳንዱ ኦብጀክት አራት ጥያቄዎችን አስቀድሞ ቢመልስ ይጠቀማል። ማጣቀሻ የያዙት እነማን ናቸው? የመጨረሻው ማጣቀሻ የሚመለሰው በየትኛው መስመር ላይ ነው? ማጣቀሻ ሳይኖረው ኦብጀክቱን ሊያገኘው የሚችል አለ ወይ፤ ካለስ በምን ይጠበቃል? ኦብጀክቱ የሚወክለው ነገር ከኦብጀክቱ ቀድሞ ቢጠፋ ኮዱ ምን ይመልሳል?

መልሶቹ በኦብጀክቱ መግለጫ ራስጌ ላይ በአራት መስመር ማብራሪያ ሊሰፍሩ ይችላሉ። ከዓመታት በኋላ ያንን ኮድ የሚነካው ሌላ ሰው ነው፤ ያ ሰው የመጀመሪያውን ጸሐፊ ግምት ሊያውቅ የሚችለው ተጽፎ ሲያገኘው ብቻ ነው።